ከወተት መደርደሪያው ጀርባ

«እሷ የእኛ ሰው አይደለችም» የሚለውን ቃል አነግሬት ቲትየን የሰማችው ከወተት መደርደሪያው ጀርባ ሆና ነው። ድምፁ የልጇ የቪብከ ነበር። የሱፐርማርኬቱ የወተት ማቀዝቀዣ የሚሞላው በስተኋላ በኩል ነው፤ አንድ ሰው በጭንቅ በሚያሳልፍ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቆሞ አዲሱ ካርቶን ከኋላ ይገባል፣ አሮጌው ተንሸራቶ ወደ ገዢው ይጠጋል። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ሱቁን የሚያየው በካርቶኖቹ መሃል ባለች ክፍተት ነው፤ ከሱቁ በኩል ግን እሱን የሚያየው የለም። አነግሬት በዚያች ክፍተት የልጇን አረንጓዴ ሸሚዝ፣ ስልክ የያዘ እጇንና ግማሽ አገጯን አየች። ቪብከ ወዲያ ወዲህ እያለች «ገባኝ። አነግሬት ቲትየን የእኛ ሰው አይደለችም። ስሟ ከዝርዝሩ ይውጣ። አዎ፣ ዛሬውኑ» አለች። ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከተተችና እርጎዎቹን ፈዝዛ ስታይ ቆየች። አንዱን አነሳች፣ ቀኑን አየች፣ መለሰችውና ሄደች።

አነግሬት የያዘችውን ወተት እንደታቀፈች ቀረች። ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባት ስሟ በሙሉ መጠራቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት «እማዬ» ስትላት የኖረች ልጅ «አነግሬት ቲትየን» ስትል ሰምታት አታውቅም፤ ሐኪም ቤት ወረፋው ደርሶት እንደሚጠራ ሰው ሆነች። ደግሞስ የምን ዝርዝር ነው? የገና እራት ዝርዝር እንዳትል እንደ እሷ ግራጫ ሰደርያ የሚለብሱት መደርደሪያ ሞይ ሴቶች እራቱ ላይ ተጠርተው አያውቁም። የሠራተኛ ቅነሳ ዝርዝር እንዳትል ከቅነሳ ዝርዝር መውጣት ደስ የሚል ነገር ነው፤ የልጇ ድምፅ ደግሞ ደስ የሚል ነገር የሚናገር ሰው ድምፅ አልነበረም። ጣቶቿ በቅዝቃዜው ደንዝዘው ስለነበር ሁለት ካርቶን አምልጧት ወደቀ። አንዱ ፈነዳ። ጠረገችውና ሥራዋን ቀጠለች።

በወረቀት ከሆነ ቪብከ ያለችው እውነት ነው። አነግሬት በዚህ በጀርመኗ የወደብ ከተማ በብሬመርሃፈን ባለ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት መደርደሪያ ስትሞላ ደመወዟ ይመጣ የነበረው ካሰል ከሚባል ሩቅ ከተማ፣ መደርደሪያ ለመሙላት ከሱቁ ጋር ከተዋዋለ ኩባንያ ነው። የሱቁ ሰዎች አረንጓዴ ሸሚዝ ይለብሳሉ፣ የኩባንያው ግራጫ ሰደርያ። አረንጓዴዎቹ ግራጫዎቹን ማዘዝ አይችሉም። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ካዘዟቸውማ የራሳቸው ሠራተኛ አደረጓቸው ማለት ነው፣ በሰዓትም ሦስት ዩሮ ግድም ሊጨምሩላቸው ነው። የቀድሞው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ለዚህ ደንታ አልነበረውም። ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኖ «አነግሬት፣ ስኳር!» ብሎ ይጮሃል፣ ስኳሩ ይሞላል፣ ማንም ስለ ሕግ አያነሳም። ከአምስት ሳምንት በፊት እሱ ጡረታ ወጣና በቦታው ቪብከ ተሾመች። አነግሬት የዚያን ቀን የፖም ኬክ ጋግራ ለጎረቤቶቿ ሁሉ አዳረሰች።

ዋናው መሥሪያ ቤት ግን አዲሷን ምክትል ሕጉን በደንብ አስጠንቶ ነበር የላካት። ከዚያ ወዲህ ግራጫዎቹ የሱቁ ሠራተኞች የሚያርፉበት ሻይ ቤት እንዳይገቡ ተደረገ፤ ሻያቸውን በጭነት መቀበያው በር አጠገብ በተደፉ የጠርሙስ ሳጥኖች ላይ ተቀምጠው ይጠጣሉ። ቪብከ ለእናቷ የምትለው ነገር ሲኖራት ወደ ካሰል ትጽፋለች፣ በካሰል ያለው የኩባንያው አስተባባሪ አቶ ኮስማን ለአነግሬት ይደውልላታል። ባለፈው ሳምንት በሳሙናው ረድፍ አንድ ጠርሙስ ፈስሶ ቪብከ ከእናቷ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ መልእክት ስትጽፍ አነግሬት አይታታለች። ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጮኸ። አቶ ኮስማን ነበር። እግርዎ ሥር ሳሙና ፈስሷል ይላሉ አላት። አነግሬት እያየችው እንደሆነ ነገረችው። ስልኩን ስትዘጋ ልጇ ፊቷን ወደ ፓስታው አዙራ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የካሰል የሥራ ድልድል ደግሞ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሴቶቹ ሥራ የሚጀምሩት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ስለዚህ ሥራው እንዳይበላሽ ቪብከ ማታ ማታ ከመሄዷ በፊት ከማስታወሻ ደብተሯ ቅጠል ቀድዳ «አነግሬት፦ መጀመሪያ ወተት፣ ከዚያ ውሃ። ኔርሚና፦ ዱቄት» ብላ ጽፋ በመጀመሪያው ጋሪ ላይ በማጣበቂያ ትለጥፋለች። ግራጫዎቹ ጠዋት ያነቡታል፣ ይጥሉታል። ስለዚህ ወረቀት በቤትም በሱቅም አንድ ቀን ተነስቶ አያውቅም። እናትና ልጅ እሑድ እሑድ አብረው ሲበሉ ስለ ንፋሱ፣ ስለ ቅቤ ዋጋ፣ ስለ ቪብከ መኪና ጎማ ያወራሉ።

ሁለት ሰዓት ላይ አነግሬት ከቀዝቃዛው ክፍል ወጥታ ኔርሚና አጠገብ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ኔርሚና የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፣ ከቦስኒያ ልጅ ሆና የመጣች፣ ነገር ሁሉ መጨረሻው እንደሚያምር የማታምን። አነግሬት የሰማችውን ነገረቻት።

«ዝርዝር ካሉማ አለቀ በይው» አለች ኔርሚና። «ዝርዝር ተሠርቶ የበላንበት ቀን አለ?»

«ከዝርዝሩ ትውጣ ነው እኮ ያለችው።»

«የሚቀሩት ዝርዝር ነዋ። አንቺ ወጣሽ ማለት ነው።» ሻይዋን ፉት አለችና ቀዝቅዞባት ደፋችው። «ለአንቺ ደግ ነው። ልጅሽ ብታባርርሽ ቢያንስ እሑድ አብራችሁ ትበላላችሁ። እኔን ስታባርረኝ ማን ይጋብዘኛል?»

አነግሬት ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልመጣም። ሄዳ በቀጥታ ብትጠይቃትስ? ግን ምን ብላ ትጠይቃታለች? ሰደርያዋን ለብሳ ወደ ምክትሏ ብትሄድ ግራጫ ወደ አረንጓዴ የሄደ ነው፣ በካሰል በኩል ነይ ልትባል ነው። አውልቃው ብትሄድ በሥራ ሰዓት ሰደርያ አውልቃለች። እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ሰማያዊ ጃኬት የለበሱ አራት ሰዎች በጭነት በሩ በኩል በአገሩ ሰላምታ «ሞይን» እያሉ ገቡ። የጉምሩክ ሰዎች ነበሩ። ሠራተኛ በሕገወጥ መንገድ መሥራት አለመሥራቱን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው፤ ትናንት ከተማው መሃል ያለውን ሌላውን ቅርንጫፍ መፈተሻቸውን ኔርሚና ከአንዲት ዘመዷ ሰምታ ነበር። ሁሉም ባለበት ሥራውን ይቀጥል፣ አንድ በአንድ እንጠራለን፣ እስከዚያ እርስ በርስ አትነጋገሩ አሉ። ቪብከ የመጀመሪያዋ ሆና ወደ ሻይ ቤቱ ገባች። በሩ ተዘጋ።

አነግሬት ውሃ እየደረደረች ጠበቀች። ስድስት ስድስት ሆነው በፕላስቲክ የታሰሩ የውሃ ጠርሙሶች ናቸው፤ ባልና ሚስት ጡረተኞች መጥተው የትኛው ጋዝ እንደሌለበት ሲጠይቋት ለገዢ መልስ መስጠትም የተከለከለ በመሆኑ በአገጯ አመለከተቻቸው። አርባ ደቂቃ ሆነ። ልጅቷ እዚያ ውስጥ ምን ትሆን? ጠዋት የሰማችው ነገር እንደ እሾህ እየወጋትም እንኳ ሐሳቧ ወደዚያች የማስታወሻ ቅጠል ሄደ። የዛሬዋን ቅጠል ከጋሪው አንስታ ሰደርያዋ ኪስ ውስጥ ከትታት ነበር። አረንጓዴ ግራጫን እንደሚያዝ የሚያሳይ፣ በልጇ እጅ የተጻፈ ወረቀት ኪሷ ውስጥ ተቀምጧል። ባዶ ካርቶኖችን ሰብስባ ወደ መጭመቂያው ማሽን ወሰደች፣ ቅጠሏን ከካርቶኖቹ መሃል ሸጎጠች፣ አዝራሩን ተጫነች። ማሽኑ እያቃሰተ ሲወርድ ለማን ብላ ይህን እንዳደረገች እርግጠኛ አልነበረችም። የእኛ ሰው አይደለችም ላለቻት ምክትል? ወይስ አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ብስክሌቷን ገጭታ ሰብራ ምድር ቤት ለደበቀችው ልጅ?

ስትመለስ ቪብከ ከሻይ ቤቱ እየወጣች ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። በእናቷ አጠገብ ስታልፍ እርምጃዋን ገታ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ሲጠይቁሽ እውነቱን ተናገሪ» አለቻት።

በረድፉ ጫፍ የቆመው ሰማያዊ ጃኬት «እባክዎ፣ መነጋገር አይቻልም» አለና ቪብከ አለፈች። አነግሬት ከኋላዋ እያየቻት ቀረች። እውነቱን ስትል የትኛውን? በወረቀት ያለውን እውነት ነው ወይስ በጋሪው ላይ ያለውን? ሰውየው እየሰማ መሆኑን እያወቀች ያለችው ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን ተናገሪ ማለቷም ይሆናል። የልጇን ፊት እንደ ገዛ መዳፏ አውቀዋለሁ ስትል ኖራ አሁን ማንበብ አቃታት።

ወደ ሻይ ቤቱ ከገባች አምስት ሳምንት ሆኗታል። ወንበሮቹ በአዲስ ተተክተዋል፣ በመስኮቱ ላይ አንድ ሰው የአበባ ማሰሮ አስቀምጧል። የጠራት ሰው ራደማኸር እባላለሁ አለ፤ ሃምሳ ያለፈው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ የንባብ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ነው። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ደመወዟ ከየት እንደሚመጣ ጠየቃት። መለሰችለት። ጠዋት መጥተው የት እንደሚጀምሩ በምን ያውቃሉ አላት። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ነው፣ የጎደለው መደርደሪያ ራሱ ይታያል አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከዶሴው ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ አዞረው።

የማስታወሻ ደብተር ቅጠል ነበር። «አነግሬት፦ መጀመሪያ ወተት፣ ከዚያ ውሃ። ቸኮሌቱ እስከ አራት ሰዓት ይለቅ።» የባለፈው ሳምንት ነው። ቪብከ የምትጽፈው ፊደል ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ አስተማሪዋ ስንት ጊዜ ደብዳቤ ልካለች። አነግሬት ዛሬ ያጠፋችው አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹን ከቆሻሻ ውስጥ ለቅመዋቸዋል ማለት ነው፣ ልጇም የቀላ ዓይን ይዛ የወጣችው ስለተያዘች ነው።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አላት ራደማኸር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ለራስዎ?»

«እንዳልረሳ። እየረሳሁ ተቸግሬያለሁ።»

ሰውየው መነጽሩን አደረገ፣ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እሷ ገፋ አደረገና ያንኑ ቃል እንድትጽፍለት ለመናት። አነግሬት እስክሪብቶውን ያዘች። ፊደሉን ወደ ግራ ለማስደገፍ እጇን አጠማዘዘች፤ የመጀመሪያው ቃል ወደ ግራ ሄደ፣ ሁለተኛው ቀጥ አለ፣ ሦስተኛውን ጀምራ ተወችው። ከሱቁ የገንዘብ መቀበያው ማሽን ሲጮህ ይሰማል። ራደማኸር ወረቀቱን አልወሰደባትም።

«ወይዘሮ ቲትየን፣ ያሉኝን ገና አልጻፍኩትም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህን ወረቀት ማንም አልያዘባትም። ልጅዎ ራሷ ናት ስትጥሉት አንስታ ያስቀመጠችውን አምጥታ የሰጠችን፤ ደብተሩንም ጭምር። ትናንት ማታም ዛሬ ጠዋትም ከዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው የአራታችሁን የካሰል ሠራተኞች ስም ሱቁ ሥራ ከሚመድብበት ዝርዝር አጥፊ ብለዋት እንደነበር ነግራናለች። እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች፤ አላጠፋችም።»

አነግሬት ሰውየውን ሳይሆን የአበባ ማሰሮውን ነበር የምታየው። የሰማችው ነገር በጆሮዋ ገብቶ ቦታ ለመያዝ ጊዜ ፈጀበት። ጠዋት ከወተቱ ጀርባ የሰማችው ልጇ የእነሱን ቃል ስትደግም ነበር ማለት ነው። ልጇ ለመናገር ወስና የገባችበት ክፍል ውስጥ እሷ ለመደበቅ ቁጭ ብላለች። ማፈር ይሁን መኩራት፣ መናደድ ይሁን የቱ እንደሚቀድም አላወቀችም፤ ለምን አልነገረችኝም አለች በሆዷ፣ መልሳ ደግሞ እኔስ መቼ ጠየቅኳት አለች። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ፣ «አነግሬት፣ ስኳር!» ከሚለው ሰው ጀምራ፣ አሥራ አንድ ዓመቱን አወራችለት። ሰውየው እየጻፈ ሦስት ገጽ ሞላ። ስትፈርም፣ እንግዲህ እኔ የማን ሠራተኛ ነኝ ስትል ጠየቀችው። ፍርድ ቤት ነው የሚለየው አላት፤ ይህ ሁሉ እንደተባለው ከሆነ ምናልባት ከመጀመሪያውም የሱቁ ሠራተኛ ነበሩ ሊባል ይችላል፣ አንድ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። እንኳን ደስ አለዎት የሚባልበት ነገር ይሁን አይሁን ከፊቱ ማወቅ አልቻለችም።

ሰማያዊዎቹ እኩለ ቀን ላይ ደብተሩንና ሁለት ካርቶን ዶሴ ጭነው ሄዱ። አራቱ ግራጫ ሴቶች በጭነት በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ሥራቸው አልቋል፣ ግን ሂዱ የሚላቸው አልነበረም፤ የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው መስታወት ጀርባ ያያቸዋል፣ እንዳያናግራቸው ፈርቷል። ለካሰል ቢደውሉ ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ ኔርሚና ሰደርያዋን አውልቃ አጣጠፈችና «እኔ ራሴን አዝዣለሁ» ብላ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

አነግሬት በአውቶቡስ ሌሄ ሰፈር ደረሰች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሯ ደጃፍ፣ ቪብከ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ቁልፍ አላት፤ ግን አልገባችም። እስክጠራ ድረስ ከሥራ ታግጃለሁ አለች፣ ያውም በስልክ። አነግሬት በሩን ከፈተች፣ ምጣድ ጣደች፣ የትናንት ድንች ከሽንኩርት ጋር ጠበሰች፣ ከማቀዝቀዣው ጨው የገባውን ሄሪንግ ዓሣ አወጣች። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበርና በመስኮቱ በኩል የጎረቤት ግድግዳ። ቪብከ ድንቹን በሹካዋ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ትገፋ ነበር። ከላይኛው ፎቅ የሰው እግር ይሰማል። ቪብከ በአምስት ሳምንት ውስጥ ጉንጯ ጎድጉዶ እንደነበር አነግሬት አሁን ገና አየች፤ እሑድ እሑድ ስለ ጎማ ሲያወሩ ይህን እንዴት እንዳላየችው አልገባትም።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው» አለች አነግሬት።

ቪብከ ቀና አለች። «የቱን ወረቀት?»

«የአንቺን።»

«አንቺ የጻፍሽውን ማን ያነበዋል?» አለችና ቪብከ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና በመሃረብ ፊቷን ሸፈነች። እናቷ ተነስታ አጠገቧ ቆመች። እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ እንደ ልማዷ ልትደባብሳት ፈልጋ ሽንኩርት እንደነካች ትዝ ብሏት በእጇ ጀርባ ደባበሰቻት።

እዚያ እንዳልነበራችሁ አድርጌ ስማችሁን ላጠፋ አልቻልኩም አለች ቪብከ ከመሃረቡ ውስጥ። የሥራ ቦታዋን ልታጣ እንደምትችል፣ ምናልባትም እንደማታጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ተናገረች። አነግሬት «አንቺ ብትነግሪኝ ኖሮ» አላለችም። ሻይ አፈላች፣ ጠጠር የሚመስለውን ስኳር ጨመረች፣ ክሬሙን ቀስ አድርጋ በማንኪያ ጀርባ አፈሰሰች። ወደ ሳሎን ይዛ ስትገባ ቪብከ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አነግሬት ብርድ ልብስ ደረበችላት፣ አጠገቧ ተቀመጠችና ሁለቱንም ሻይ ጠጣች።

ስልኳ ሲጮህ ደንግጣ ወጥ ቤት ሮጠች። አቶ ኮስማን ነው። መኪና እየነዳ ስለነበር የሞተሩን ድምፅ ለመብለጥ ይጮሃል። ብሬመርሃፈን ምን እንደተፈጠረ በደንብ የነገረው ሰው የለም፤ ሱቁ ኮንትራቱን አቋርጫለሁ ብሎ ጽፏል፣ የኩባንያው ጠበቃ ደግሞ አልተቋረጠም ብሏል፣ ታዲያ ነገ ጠዋት ይገባሉ ወይስ አይገቡም ሲል ጠየቃት።

«እኔም አላውቅም» አለች አነግሬት። «ስትነቃ ጠይቄያት እነግርዎታለሁ።»

«ማን ስትነቃ?» ብሎ ጮኸ።

አነግሬት በበሩ ክፍተት ወደ ሳሎኑ አየች።

«ልጄ። ተኝታለች። ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ።»